ቤት ውስጥ የጠፋ ልጅ

የዛሬው ጨዋታችን ከሩቅ አይመጣም፤ ከዚሁ ከሃቫና ስትሪት ነው።

በቅርቡ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሃቫና ላይ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በአንደኛው ቡናዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አንድ የማውቀው ወንድማችን ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ሌሊት ኤርፖርት ይሠራል፣ ቀን ኡበር ይነዳል። ዓይኑ ቀልቷል። እንቅልፍ ማጣት መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ልጄ ጠፋብኝ» አለኝ።

ደንግጬ «መቼ? ለፖሊስ ነገራችሁ?» አልኩት።

«የትም አልሄደም። ቤት ነው ያለው። ክፍሉ ውስጥ ነው፤ በሩን ዘግቶ።»

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ድሮ ኳስ ይጫወት ነበር፤ ተወ። ድሮ እናቱ ቡና ስታፈላ ፈንዲሻውን የሚያቀርበው እሱ ነበር፤ ተወ። አሁን ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ አንዲት ቃል ተናግሮ ክፍሉ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። ውጤቱ ወርዷል። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ሲሉት መኪና ማቆሚያው ድረስ ይመጣና ስልኩን ይዞ መኪናው ውስጥ ይቀራል። አባትየው ተቆጥቷል፣ ስልኩን ቀምቷል፣ «ሀገር ቤት እልክሃለሁ» ብሎ ዝቷል። እናትየው አልቅሳለች፣ ጠበል አምጥታ ክፍሉን ረጭታለች። በሩ ግን እንደተዘጋ ነው።

«ለማን ነገርክ?» አልኩት።

«ለማንም። ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

ዛሬ ብዕሬን እንዳነሳ ያደረገኝ የልጁ በር መዘጋት ብቻ አይደለም፤ ይህ የአባትየው መልስ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት የተዘጉ በሮች ነበሩ። አንደኛው የልጁ፣ ሁለተኛው የአባቱ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ጌታችን ስለ መጥፋትና ስለ መገኘት ሦስት ምሳሌዎችን ተናግሯል። የጠፋውን በግና የጠፋውን ልጅ ሁላችንም እናውቃቸዋለን፤ ብዙ ተሰብኮባቸዋል። በመካከል ያለችውን አጭሯን ምሳሌ ግን ቶሎ እናልፋታለን። አሥር ድሪም የነበራት ሴት አንዱ ጠፋባት። በጉ የጠፋው በምድረ በዳ ነው፤ ልጁ የጠፋው በሩቅ ሀገር ነው። ድሪሙ ግን የጠፋው ቤት ውስጥ ነው። ሴትየዋ ምን አደረገች? መብራት አበራች፣ ቤቷን ጠረገች፣ ተግታ ፈለገች። ባገኘችውም ጊዜ ጎረቤቶቿንና ወዳጆቿን ጠርታ ደስታዋን አካፈለች። ድሪሙን አልረገመችውም። «ዘጠኝ አለኝ፣ ይበቃኛል» ብላም አልተቀመጠች።

በአውሮራና በዴንቨር ላለን ወላጆች ይህቺ ምሳሌ የተነገረችልን ይመስለኛል። የብዙዎቻችን ልጆች የጠፉት ጎዳና ላይ ሳይሆን ሳሎን አጠገብ ባለ ክፍል ውስጥ ነውና።

እንግዲህ መጀመሪያ መብራት እናብራ። መብራት ማብራት ማለት ልጁን ማየት ማለት ነው። ውጤቱን ሳይሆን ልጁን። የኛ ልጅ በቀን ሁለት ጊዜ ድንበር ይሻገራል፤ ጠዋት ከአማርኛ ቤት ወደ እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት፣ ማታ ደግሞ ተመልሶ። እዚያ «ከየት ነህ?» ይሉታል፤ ስሙን አጣምመው ይጠሩታል። እዚህ ደግሞ እኛ «አንተማ ፈረንጅ ሆነሃል» እንለዋለን። ሁለቱም ቦታ እንግዳ ከሆነ የሚቀረው ክፍሉና ስልኩ ነው።

ይህ የኛ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስለን። እዚሁ አውሮራ አንሹትዝ የሕክምና ማዕከል ግቢ ውስጥ ያለው የኮሎራዶ የሕፃናት ሆስፒታል በግንቦት 2021 (እ.ኤ.አ.) የልጆችና የወጣቶች የአእምሮ ጤና ሁኔታ የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃ ላይ ደርሷል ብሎ አውጆ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከአውሮራ ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ በሚገኘው ኖም ፓርክ ስድስት ወጣቶች በጥይት ቆስለዋል። ማሪዋና በኮሎራዶ ሕዝብ ድምፅ በ2012 ተፈቅዶ ከጥር 2014 ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል። ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ብቻ ነው ቢባልም፣ ልጁ ማስታወቂያውን በየመንገዱ እያየ ነው የሚያድገው። ከዚህ የባሰው ደግሞ በስልክ ታዝዞ እጅ በእጅ የሚደርሰው አስመስለው የሠሩት ክኒን ነው። ውስጡ ፌንታኒል ካለበት አንዲቷ ፍሬ ትገድላለች። ይህንን ለልጃችሁ ሳትጮኹ፣ በግልጽ ቋንቋ ንገሩት።

ወላጅ ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። እንቅልፉ ተገለባብጧል? ምግብ ትቷል? የሚወደውን ነገር፣ የሚወዳቸውን ጓደኞች ርቋል? ውድ ዕቃዎቹን ለሰው ማደል ጀምሯል? «እኔ ባልኖር ይሻላችሁ ነበር» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቷል? የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሰማ ወይም ያየ ወላጅ እስከ እሑድ አይጠብቅ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ 988 ብሎ መደወል ይቻላል፤ ቀንም ሌሊትም ሰው ያነሳል፣ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። «ራስህን ልትጎዳ አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በልጁ ራስ ውስጥ አይጨምርበትም፤ ሸክሙን ያቃልልለታል እንጂ።

ሁለተኛው ቤት መጥረግ ነው። ጥራጊው ደግሞ የልጁ ብቻ አይደለም፤ የኛም አለበት።

አንዱን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ትምህርት ቤት ተጠርታ ሄደች። አስተርጓሚ ያልቀረበላት ስለሆነ የሚያስተረጉምላት ራሱ የተከሰሰው ልጇ ነበር። መምህርቷ ለረጅም ጊዜ ተናገረች። ልጁ ዞር ብሎ «ጎበዝ ነው ትላለች» አላት። እናትየዋ አመስግና ወጣች። እኛ ስንሰማ ስቀን ነበር፤ ሳስበው ግን የሚያስለቅስ ነው። ልጁን ዳኛም ተከሳሽም አድርገን አስቀመጥነው። የባንክ ደብዳቤ፣ የሐኪም ቀጠሮ፣ የኪራይ ውል ሁሉ በሱ አፍ ሲያልፍ የቤቱ አባወራ እሱ ይሆናል። ማታ ደግሞ «አባትህን አክብር» እንለዋለን። ወላጆች ሆይ፣ በ1964 በወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት አለባቸው፤ አስተርጓሚው በነጻ ነው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ውርደት አይደለም፤ የወላጅነት ወንበርን መልሶ መያዝ ነው።

ሌላው ጥራጊ ማወዳደር ነው። «የእነ እገሌ ልጅ ፋርማሲ ገባች፣ አንተ ግን...» የሚለው ንግግር አንድም ልጅ ፋርማሲ አስገብቶ አያውቅም። ሌላው ደግሞ ዛቻው ነው። «ሀገር ቤት እልክሃለሁ» የምንለው ልጅ ሀገር ቤትን የሚያውቃት እንደ ወህኒ ቤት ይሆናል ማለት ነው። አያቶቹን እንዲያይ፣ ላሊበላንና ጎንደርን እንዲጎበኝ ብንወስደው በረከት ነው፤ ለቅጣት ብንልከው ግን አንድ የጠፋ ልጅ ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው።

ስለ ዱላም ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ። «እዚህ ሀገር ልጅ መቅጣት አይቻልም፣ 911 ይደውልብናል» ይባላል። ቅጣትና ድብደባ አንድ አይደሉም። ሰዓት መወሰን፣ ስልክ ማታ ሳሎን እንዲያድር ማድረግ፣ የመኪና ቁልፍ መያዝ፣ ይህ ሁሉ ቅጣት ነው፤ ማንም አይከለክለንም። ምልክት የሚተው ድብደባ ግን በሕግም ያስጠይቃል፤ መምህራንና ሐኪሞችም ሲያዩ የማመልከት ግዴታ አለባቸው። መጽሐፍ ቅዱስን ያየን እንደሆነ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ ያስጠነቅቀናል። ካህኑ ኤሊ ልጆቹ ሲበድሉ በቃል ብቻ አልፏቸው ቤቱ ፈረሰ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ አዟል። ዝም ማለትም ማስመረርም፣ ሁለቱም ስሕተት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ሀገር ቤት ልጅ የሚያሳድገው ወላጁ ብቻ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ያጠፋነውን ያየ ጎረቤት ቆንጥጦ ይለቀናል፤ አባት ሲሰማ «እጅህን አይንካው» ብሎ ያመሰግነዋል። አክስት ነበረች፣ የዕድሩ ዳኛ ነበሩ፣ የንስሐ አባት በየጊዜው ቤት ይመጡ ነበር። ወላጅ ያልሰማውን አክስት ትሰማለች፣ አክስት ያልሰማችውን የሠፈር ልጅ ይሰማል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ሃምሳውን ሎሚ አባትና እናት ብቻቸውን፣ ያውም በሁለት ሥራ መካከል ተሸክመውታል። የሚደንቀው አንዳንዱ መውደቁ አይደለም፤ አለመውደቁ ነው።

ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሰው አንዱን ይዘነው መጥተናል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት ይቆማሉ። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል እነሱ ስለ እርሱ ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ሃይማኖቱን ይመሰክራሉ፣ ከውኃው ሲወጣም ይቀበሉታል። ይህ ለዕለቱ ፎቶግራፍ የተሰጠ ማዕረግ አይደለም። ሕፃኑ አፍ ሲያወጣ፣ ጥያቄ ሲያበዛ፣ በሩን ሲዘጋ የሚቀጥል አደራ ነው። ስለ እርሱ የተናገረ ሰው፣ ኋላ መናገር ሲያቅተውም አጠገቡ ሊገኝ ይገባል።

እውነቱን ልናገርና እኔ ራሴ በዚህ ከተማ የአራት ልጆች የክርስትና አባት ነኝ። ያ ወንድማችን ሲያነጋግረኝ በልቤ ቆጠርኳቸው። ሁለቱ ስንተኛ ክፍል እንደደረሱ አላወቅሁም። የአንደኛውን ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዝኩም። ለጥምቀታቸው ቀን ሱፍ ለብሼ፣ ስጦታ ይዤ ሄጃለሁ፤ ከዚያ ወዲህ አደራዬን ረስቻለሁ። ይህን የምጽፈው እንግዲህ ሌላውን ለመውቀስ አይደለም።

ስለ ሌላው ከመፍረድ ያቆመን አንድ የራሳችን ሰው አለ። በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው፣ ሰኔ 24 የምናስበው ሙሴ ጸሊም በትውልዱ ኢትዮጵያዊ ነው ይባላል። በግብፅ የባለጸጋ አገልጋይ ነበር፤ ኋላ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። በገዳመ አስቄጥስ ንስሐ ገብቶ ከመነኮሰ በኋላ እንኳ የድሮው ጠባዩ እየተመለሰ ሲፈትነው ተስፋ ቆርጦ ወደ መምህሩ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ አልገሠጹትም። ከንጋት በፊት ጣሪያ ላይ ይዘውት ወጡና ፀሐይ ስትወጣ አብረው ተመለከቱ። ብርሃኑ ሌሊቱን በአንዴ አያባርርም፤ በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ ያንተም ነገር እንዲሁ ነው አሉት። ያ ሽፍታ ኋላ የብዙዎች አባት ሆነ። አንድ ወንድም በድሏልና ና ፍረድ ብለው በጠሩትም ጊዜ የሚያፈስ ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ የራሴ ኃጢአት ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ በሌላ ልፈርድ መጣሁ ማለቱ ነበር። ያልተሰደበ፣ ያልተቸኮለ፣ ጣሪያ ላይ አብሮት የወጣ አንድ ሰው ያገኘ ወጣት የት እንደሚደርስ አይታወቅም።

የክርስትና አባትና እናት፣ አጎትና አክስት፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ለሆናችሁ ሁሉ ከልምድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስብከት ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ። ፊት ለፊት አስቀምጠው «እስቲ ችግርህን ንገረኝ» ያሉት ልጅ አይናገርም። መኪና ዘይት ስታስቀይሩ ይዛችሁት ውጡ፣ ፀጉር አስተካካይ ቤት አብራችሁ ተቀመጡ፣ ሃቫና ላይ ምሳ ጋብዙት። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ጎን ለጎን ሲሆኑ ልጅ ይናገራል። በሚቀናው ቋንቋ ይናገር፤ አማርኛውን አታርሙለት። የልብ ነገር በሰዋስው አይለካም። የነገራችሁን ለቡና ጨዋታ አታቅርቡ፤ አንዴ ከወጣ ሁለተኛ አያምናችሁም። ግን «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ አትማሉ። «ሕይወትህ አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር በኔ ዘንድ ይቀራል» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ወላጅ ሁልጊዜ ይወቅ፤ ሰው በሚያያችሁ ቦታ ተገናኙ። ይህ ልጁንም እናንተንም ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ተመልሳችሁ ሂዱ። አንድ ቀን መጥቶ የሚጠፋ መካሪ ከነጭራሹ ካልመጣው ይከፋል።

ሙስሊም ወገኖቻችንም ይህንኑ በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። በቁርኣን 31ኛው ሱራ በስሙ የተጠራው ሉቅማን፣ ብዙ ሊቃውንት ሐበሻ ነበር የሚሉት ጠቢብ፣ ልጁን ስለ ሶላት፣ ስለ ትዕግሥት፣ ስለ ትሕትናና ድምፅን ዝቅ ስለ ማድረግ ሲመክረው በየመካከሉ «ልጄ ሆይ» እያለ በፍቅር ይጠራዋል። ምክሩ ከባድ ነው፤ አጠራሩ ግን ለስላሳ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም ወጣቶችን የሚከታተሉ አገልጋዮች አሉ። ቤተ እምነታችን የትም ይሁን፣ ጥያቄው አንድ ነው፦ ለልጄ ከኔ ሌላ የሚደውልለት አንድ አዋቂ ሰው ማነው?

ስለ ጠበልና ስለ ሐኪም አንድ ቃል ልጨምር። «ጸሎት ነው የሚያስፈልገው» የሚሉ አሉ፤ «ሐኪም ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። ጥርሱን ሲያመው ጸልየን ሐኪም ዘንድ የምንወስደውን ልጅ፣ መንፈሱ ሲጨነቅ ለምን ከሁለቱ በአንዱ ብቻ እንወስነዋለን? ሐኪሙን የፈጠረው ማነው? ኮሎራዶ በ2019 ባወጣችው ሕግ 12 ዓመት የሞላው ልጅ የወላጅ ፈቃድ ሳይጠይቅ የሥነ ልቦና ምክር ማግኘት ይችላል። ይህን ስንሰማ አንቆጣ፤ ልጁ እኛ የማናውቀው በር ከፍቶ ከሚገባ እኛው እጁን ይዘን ብንወስደው አይሻልም? በ2021 የተጀመረው «አይ ማተር» የተባለው የኮሎራዶ ፕሮግራምም ለወጣቶች ነጻ የምክር ቀጠሮ እንዲሰጥ የተቋቋመ ነው። የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ለሰውነት ብቻ አይደለም።

ወደዚያ ወንድማችን ልመለስ። «የልጅህ የክርስትና አባት ማነው?» ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ስሙን ነገረኝ። የሚኖረው እዚሁ አውሮራ፣ ከነሱ ቤት አሥር ደቂቃ ነው። ልጁን ካየው ግን ዓመታት አልፈዋል። «እዚሁ ደውልለት» አልኩት። ብዙ አመነታ። ሲደውል ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ «ሰው ምን ይላል?» ያለው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲናገር ነበርና። ከወዲያኛው ጫፍ የመጣውን መልስ እኔም ሰማሁት። «ወንድሜ፣ እስካሁን ለምን አልነገርከኝም?» ነበር ያለው።

የክርስትና አባትየው ቅዳሜ መጥቶ ልጁን የመኪና ፍሬን ሲቀይር አግዘኝ ብሎ ይዞት ሄደ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ልጁ ከሦስት ቃል በላይ አልተናገረም አሉ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በአራተኛው ቅዳሜ ብዙ ተናገረ፤ የተናገረውን እኔ አልጠየቅሁም፣ አባትየውም አልነገረኝም፣ ደግም አደረገ። አሁን ሐኪም ጋር ቀጠሮ አለው፤ አባቱም አንዱን የሌሊት ፈረቃ ትቶ ማታ ቤት ይገኛል። ቤተ ክርስቲያን ገና መኪናው ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በሩም አሁንም ይዘጋል። «ግን ጋሼ» አለኝ አባትየው ባለፈው ስንገናኝ፣ «አሁን አይቆለፍም።»

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ጋዜጣ ከማጠፋችሁ በፊት የክርስትና ልጆቻችሁን፣ የእህት የወንድም ልጆቻችሁን በጣታችሁ ቁጠሩ። ስንተኛ ክፍል እንደሆነ የማታውቁት አንድ ካለ ዛሬውኑ ደውሉ። እኔም የአራተኛውን ልጄን ስልክ ቁጥር ከእናቱ ወስጃለሁ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።